ዶሮዎቼና የኖራ ድንጋይ

እንቁላል የሚረከበኝ ነጋዴ «ቅርፊቱ ሳስቷል» ብሎ ዋጋ ሊቀንስብኝ ሲሞክር ነገሩን ከሥሩ ላጣራ ተነሣሁ። ሽምብጥ ያሉት ጎረቤቴ እትዬ ግን ጥናት አላስፈለጋቸውም፤ «ቡዳ በልቷቸዋል» ብለው ጨርሰውታል።

የእንቁላል ቅርፊት 95 በመቶ ገደማው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 4 ግራም ያህል ካልሲየም ትፈልጋለች። ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው። ቅርፊቱን ለመሥራት 20 ሰዓት ያህል ይፈጅባታል፤ አብዛኛውም የሚሠራው ሌሊት፣ እሷ ቆጥ ላይ ሆና ምንም በማትቀምስበት ጊዜ ነው። የላመ የኖራ ድንጋይ የካልሲየም ምንጭ ቢሆንም ከአንጀቷ ቶሎ ያልፋል። ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ቅንጣት ግን ጡንቻማው ጨጓራዋ ውስጥ ተቀምጦ ቀስ እያለ ይሟሟል። ካላገኘች ከገዛ አጥንቷ ትበደራለች፤ ብድሩ ሲበዛ እግሯ ይከዳታል።

ስለዚህ ሻካራውን የኖራ ድንጋይ ወደ ማታ እሰጣለሁ። እትዬ «ድንጋይ አብልተሽ ልትፈጃቸው ነው» ይላሉ። ጥርስ የሌለው ፍጥረት በምን ሊፈጭ ኖሯል?

ፕሮቲኑን በኑግ ፋጉሎ እሸፍናለሁ፤ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ስለሚያንሰው ከጣና ዳር የማመጣውን የዓሣ ጭንቅላት ቀቅዬ፣ አድርቄና ፈጭቼ እጨምርበታለሁ። በልክ ነው ታዲያ፤ ከበዛ እንቁላሉ ዓሣ ዓሣ ይላል፣ ያን ጊዜ ነጋዴው እውነተኛ ምክንያት ያገኛል።