ሐዲዱን ማን ይጠግነው?

ባቡር "የመንግሥት ይሁን"፣ "ለግል ይሰጥ" የሚለው ክርክር ያደክመኛል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ሐዲዱን ማን እንደሚጠግነው ነው።

ብሪታንያን እንይ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመንግሥቱ የባቡር ድርጅት ብሪቲሽ ሬይል ሲሸነሸን ሐዲዱ ሬይልትራክ ለተባለ የግል ኩባንያ፣ ባቡሮቹ ለአከራዮች፣ ጉዞው ደግሞ ለሌሎች ኩባንያዎች ደረሰ። ጥገናው ራሱ በኮንትራት ወጣ። በ2000 ሃትፊልድ በተባለች ከተማ አቅራቢያ የተሰነጠቀ ሐዲድ ተሰባብሮ ባቡር ከመስመሩ ወጣና 4 ሰዎች ሞቱ። ስንጥቁ ቀድሞ ይታወቅ ነበር! በዓመቱ ሬይልትራክ ተንኮታኮተ፤ ሐዲዱም በተተኪው ድርጅት በኔትወርክ ሬይል በኩል ቀስ በቀስ ወደ መንግሥት ተመለሰ። (የተሳፋሪው ቁጥር ግን በጣም አድጓል። እሱን አልክድም።)

ጃፓን በ1987 የመንግሥት ባቡር ድርጅቷን ለተለያዩ ኩባንያዎች ስትከፋፍል የመንገደኛ ባቡሩንና ሐዲዱን በአብዛኛው አልለያየችም። ጥገና የዘለለ ኩባንያ ራሱን ነው የሚጎዳው። ቶኪዮ የደረሰው አተረፈ፤ ሰው የሳሳበት ሆካይዶ የደረሰው ግን ያለ ድጎማ አይቆምም።

መንግሥትም ጻድቅ አይደለም። በጀት ሲጠብ ጥገና ቶሎ ይቆረጣል፤ ሪባን አይቆረጥበትማ! ስለዚህ ሐዲዱ የመንግሥት ይሁን እላለሁ፣ ግን ገንዘቡ ቀድሞ ይታሰር። ስዊዘርላንድ የጥገናውን ገንዘብ ለ4 ዓመት ቀድማ ትወስናለች። እኔም ከዚያ ያነሰ አልቀበልም።