ሁለተኛ ባስ

ረቡዕ ሌሊት፣ በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሻዬ ቀዝቅዟል። ከኮሪደሩ ጫፍ አባባ ማንጎራጎር ጀመሩ፤ ዛሬ ትንሽ ዘግይተዋል።

«አባባ» የምላቸው እኔ ብቻ ነኝ። እዚህ ዌልስ፣ ሮንዳ ሸለቆ ውስጥ (እነሱ «ሮንዛ» ነው የሚሉት፣ አፌ እስኪለምደው ወራት ፈጀብኝ) ሰማንያ ስምንት ዓመት የሞላውን ሰው በስሙ መጥራት ነውር የለውም። እንዲያውም «ሚስተር» ካልሽው ይቀየምሻል። የኔ አንደበት ግን እምቢ አለ። ኬር ሆሙ (የአረጋውያን መጦሪያው) ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ስማቸው ጉሮሮዬ ላይ እየቆመ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያለ ስም አስተናገድኳቸው። በመጨረሻ «አባባ» አልኳቸው። ትርጉሙን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ ትንሽ አሰቡና «ይሁን፣ ባኽ» አሉኝ። ባኽ በቋንቋቸው ትንሽ ማለት ነው፤ እኛ «ሚጣዬ» እንደምንለው መሆኑ ነው። በዚሁ ተስማማን።

እጃቸውን ሳጥብ ሰማያዊ ነጠብጣብና ጭረት አያለሁ። በአሥራ አምስት ዓመታቸው ከሰል ጉድጓድ ገብተው፣ በቆሰሉ ቁጥር የከሰሉ አቧራ ከቆዳቸው ሥር እየገባ የቀረ ነው። መጀመሪያ ሳየው ትዝ ያለኝ የአያቴ የአንገት ንቅሳት ነበር። ያው አቧራ ሳንባቸው ውስጥም አለ፤ በሦስት ትራስ ተደግፈው ካልሆነ መተኛት አይችሉም።

ማንጎራጎራቸውን እስካለፈው ሐሙስ ድረስ ዜማ ብዬ አልቆጠርኩትም። ሦስት አራት ድምፅ ነው፤ ሁሉም ወፍራም፣ ሁሉም ከደረት ሥር የሚወጣ። አንዱን ይይዙታል፣ ይይዙታል፣ አንድ ደረጃ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ይመለሳሉ። ከዚያ ዝም። ጣታቸው ብርድ ልብሱ ላይ ይንቀሳቀሳል። ደግሞ ያው ወፍራም ድምፅ። እኔ ታዲያ መዝገባቸው ላይ «እያንጎራጎሩ መሀል ላይ ይረሳሉ» ብዬ ጽፌያለሁ። በገዛ እጄ። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ዝም ሲል ረሳ ካልተባለ ምን ይባላል?

ሐሙስ ዕለት ልጃቸው ደውሎ «አባቴን ለልምምድ ይዘሽልኝ ትመጫለሽ?» አለኝ። አርባ ዓመት የዘመሩበት የወንዶች ኳየር ነው። ዊልቸሩን እየያዝኩ ቁልቁለቱን ወርደን፣ ድሮ ጸሎት ቤት የነበረ አዳራሽ ገባን። ፕላስቲክ ወንበር፣ የሻይ ጀበና፣ በሳህን የተደረደረ ብስኩት። ሠላሳ የሚሆኑ ወንዶች፣ አብዛኞቹ ሽበታሞች፤ ሁለቱ ጆሯቸው ላይ የመስሚያ መሣሪያ አድርገዋል፤ አንዱ የቧንቧ ሠራተኛ ከነሥራ ልብሱ ነው የመጣው። ከፒያኖ መቺዋ በቀር ሴት እኔ ብቻ። ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ደብረ ማርቆስ ሳለሁ በሴቶች በኩል ቆሜ አጎቴን ማኅሌት ላይ አጮልቄ እንደማየው፣ ያው ነው።

እንደ ድምፃቸው፣ ከቀጭን እስከ ወፍራም፣ በአራት ተከፍለው ግማሽ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ አንደኛ ቴነር፣ ሁለተኛ ቴነር፣ ባሪቶን፣ ሁለተኛ ባስ። አባባ የኔን ስም እንኳ አንዳንድ ቀን ይጠፋቸዋል፤ የሚቀመጡበትን ግን በእጃቸው ጠቁመው አሳዩኝ። ከሁለተኛ ባሶቹ ጎን አቆምኳቸው።

መዘመር እንደጀመሩ አንድ ቦታ ላይ መሪው አልጣመውም መሰለኝ፣ ሁሉንም አስቁሞ «ሁለተኛ ባሶች ብቻ» አለ። ሰባት ሽማግሌዎች አፋቸውን ከፈቱ። ወፍራም ድምፅ። ይይዙታል፣ ይይዙታል፣ አንድ ደረጃ ወደ ታች። ዝም። ደግሞ ያው።

ይሄማ የኔው የሌሊት ሺፍት ዜማ ነው!

ቀጥሎ አራቱም አብረው ገቡ፤ ያን ጊዜ ያ ደረቅ ነገር የት እንደሚገጥም ሰማሁ። ዋናው ዜማ በአንደኛ ቴነሮቹ አፍ ነው፤ ከላይ ከላይ ይሄዳል፣ ያምራል፣ ሰው ይዞት ቤቱ የሚገባው እሱን ነው። የአባባ ድርሻ ወለሉ ነው። ዝም የሚሉት ሌሎቹ እስኪያልፉ ምት እየቆጠሩ ነው። ጣታቸውም ሲንቀሳቀስ የከረመው ለዚሁ ኖሯል። መዝገቡ ላይ የጻፍኩት ትዝ ሲለኝ ፊቴን የት ላድርገው! ማታውኑ ከሥሩ «ዝም ሲሉ እየቆጠሩ ነው፣ አታቋርጧቸው» ብዬ ጨመርኩበት። የቀን ሠራተኞቹ ምን እንዳሉ አላውቅም።

እኛ ጋ ማኅሌት ላይ ቀኝና ግራ ይቀባበላል እንጂ ዜማው አንድ ነው፤ መሪጌታውም ትንሹ ተማሪም ያንኑ ነው የሚያዜሙት። ከመካከላቸው አንዱን ከእንቅልፉ ቀስቅሰሽ «በል አዚም» ብትይው ሙሉውን ይሰጥሻል። እዚህ ግን ሰውዬው አርባ ዓመት ዘምሮ ብቻውን ሲቀር የሚዘምረው ምን እንደሆነ አይታወቅም። የቀሩት ሦስቱ ከሌሉ ዘፈን የለም።

ከሐሙስ ወዲህ ሌሊት ሌሊት ስልኬን ይዤ ስለነዚህ ሰዎች ሳነብ ነው የማድረው። ዘፈኑን የደረሰው ጆሴፍ ፓሪ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1841 እዚሁ አጠገብ ሜርዘር የተወለደ ሰው ነው። በዘጠኝ ዓመቱ ከሰል ጉድጓድ ገባ፣ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ብረት ማቅለጫ። ከዚያ ቤተሰቡ ተሰድዶ ፔንሲልቬኒያ ሄደ። እዚያም ብረት ላይ እየሠራ ሙዚቃ ተማረ፤ የዌልስ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ለንደን አስተማሩት፤ በ1878 ከካምብሪጅ በሙዚቃ የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ። ዘፈኑ ፍቅረኛው ፊት የነሳችው ሰው የሚዘፍነው ነው፤ ባይዋደዱም እጇን ይዞ ሊሰናበታት ይለምናታል። ይህንን ነው እንግዲህ ፊታቸው በከሰል የጠቆረ ወንዶች ሲዘፍኑት የኖሩት።

«ዌልሶች ዘማሪ ሆነው ነው የሚወለዱት» ይባላል፤ ራሳቸውም ይህን አባባል ይወዱታል። እኔ አልተዋጠልኝም። የአባባ ልጅ ከድሮ ሻንጣ አውጥቶ ያሳየኝን የዘፈን ወረቀት ያየ ሰው አይውጥለትም። ወረቀቱ ላይ አምስቱ መስመር የለም፣ ጭራ ያለው ኖታ የለም። ከግጥሙ በላይ ፊደል ብቻ ተደርድሯል፤ የዶ፣ የሬ፣ የሚ የመጀመሪያ ፊደል። ምቱን ለመለየት በመሀላቸው ሁለት ነጥብ አለ፣ ልክ በድሮ መጽሐፋችን ቃልን ከቃል የሚለየውን የሚመስል። ቶኒክ ሶልፋ ይሉታል። ጆን ከርወን የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ፣ ሣራ ግላቨር ከምትባል መምህርት ዘዴ ተነሥቶ በ1840ዎቹ አስፋፋው። በተራ የማተሚያ ፊደል ስለሚታተም ርካሽ ነው፤ ፒያኖ የማያውቅ ቆፋሪም በቶሎ ይይዘዋል። ዌልስ ውስጥ በየጸሎት ቤቱ፣ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ እንደ ሰደድ እሳት ተያያዘ። ሰዎቹ ከጉድጓድ ወጥተው፣ ታጥበው፣ ራታቸውን በልተው፣ ዓይናቸው እየተከደነ ነው ይህን የቆጠሩት።

የአጎቴ ድጓ ትዝ አለኝ። እዚያም ከቃሉ በላይ ጥቃቅን ፊደላት ተጭነዋል፤ ምልክት ነው። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሠሩት ይባላል። ልዩነቱ የእነዚህ አንዱ ፊደል አንድ ድምፅ ነው፤ የእኛ አንዷ ምልክት አንድ ሐረግ ሙሉ ዜማ ታዝላለች፣ ስለዚህ ቀድመሽ በቃልሽ ካልያዝሽው ፊደሉ ምንም አይነግርሽም። አጎቴ ይህን ወረቀት ቢያዩት «ይሄ ለሰነፍ ተማሪ የተሠራ ነው» የሚሉ ይመስለኛል። ግን ደግ አድርገው ነው ለደከመው ሰው የሠሩት።

አንድ ነገር ግን አስቆኛል። በ1872 ከእነዚህ ሸለቆዎች ተሰባስቦ ለንደን ክሪስታል ፓላስ ለኳየር ውድድር ሄዶ ያሸነፈው፣ በዓመቱም ደግሞ ያሸነፈው ትልቁ ኳየር የወንዶች አልነበረም። ሴትና ወንድ ተቀላቅሎ ከአራት መቶ በላይ ሰው ነበር። የመራው ካራዶግ የሚባል ብረት ቀጥቃጭ ነው። ቀጥቃጭ! እኛ ቡዳ ነው ብለን የምንሸሸውን ሰው እነሱ አበርዴር ከተማ አደባባይ ላይ የመሪ ዘንጉን አስይዘው ሐውልት አቆሙለት።

ወንዶቹ ለብቻቸው የገነኑት ከዚያ በኋላ ነው። ከሰሉ ሲፈለግ ከየገጠሩ ወጣት ወንድ ወደ ሸለቆው ጎረፈ፤ በጎች ይሰማሩበት የነበረው ሮንዳ በ1911 ከ150 ሺህ በላይ ሰው ነበረበት። ከ1842 ጀምሮ ሴት ከመሬት በታች እንዳትሠራ በሕግ ስለተከለከለች ጉድጓዱ የወንድ ብቻ ነው፤ አብሮ የቆፈረ አብሮ ይዘምራል። ይህንን ሁሉም ይጽፈዋል። ሴቶቹ ግን ምን ያደርጉ ነበር? ውኃ ያፈሉ ነበራ። ጉድጓዱ አፍ ላይ መታጠቢያ ከመሠራቱ በፊት ባልም፣ ልጅም፣ ተከራይም እየጠቆረ ቤት ይገባል፤ አንዱ የቀን፣ አንዱ የሌሊት ፈረቃ ነው፤ እሳት ፊት ቆርቆሮ ገንዳ ተዘርግቶ ባልዲ ሲመላለስ ይውላል፣ ያድራል። በዚህ ላይ ለልምምድ የምትሄደዋ የትኛዋ ናት? አባባ እናታቸውን ሲያነሡ የሚያነሡት ድምፅዋን አይደለም፤ ወገቧን ነው።

ኳየሮቹ እርስ በርስ እንደ እግር ኳስ ክለብ ነበር የሚፎካከሩት። አይስቴዝቮድ በሚባለው የዝማሬና የቅኔ ውድድር ላይ የዳኛ ፍርድ ያስቆጣል፣ ያጣላል። ከ1883 የሚነሣው የትሪኦርኪ ኳየር በ1895 ዊንዘር ድረስ ሄዶ ለንግሥት ቪክቶሪያ ዘምሯል። ሥራ ሲጠፋ ደግሞ፣ በ1924፣ በሌላኛው ሸለቆ ሥራ ያጡ ቆፋሪዎች ሳይቀሩ ተሰብስበው ፔንዲረስ ኳየርን አቋቋሙ። ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ቢያንስ ሐሙስ ማታ የሚቀጠርበት አለው። የጥቁር አሜሪካዊው ዘፋኝ የፖል ሮብሰንም ነገር አለ። የአሜሪካ መንግሥት ፓስፖርቱን ነጥቆት ሳለ፣ በ1957 ፖርዝኮል ለተሰበሰቡት ቆፋሪዎች ከኒውዮርክ ሆኖ በባሕር ሥር በተዘረጋው የስልክ መስመር ዘመረላቸው፤ የትሪኦርኪ ኳየርም በዚያው መስመር መለሰለት። እኔ ዛሬ ከእናቴ ጋር በዋትስአፕ አምስት ደቂቃ ሳይቋረጥብኝ አላወራም።

አበርቫን የምትባለውን መንደር ታሪክ ግን ሳነብ ስልኬን አስቀመጥኩት። ጥቅምት 1966፣ አርብ ጠዋት፣ ልጆቹ ገና ክፍል መግባታቸው ነው። ተራራው ላይ የተከመረው የከሰል ጥራጊ በዝናብ ርሶ ተናደና ትምህርት ቤቱ ላይ ወረደ። 144 ሰው ሞተ፤ 116ቱ ሕፃናት ናቸው። ከዚያ መከራ የተረፉት ወንዶች ተሰብስበው ያቋቋሙት ኳየር እስከ ዛሬ አለ፤ ኢነሶወን ይባላል። የመጀመሪያው ልምምድ ማታ እንዴት እንደነበረ እገምታለሁ። አንዱ ተነሥቶ ስለ ሐዘን ተናግሮ አይመስለኝም። የየድምፃቸውን ወንበር ይዘው ተቀምጠው ይሆናል። ማልቀስ የሚያፍር ወንድ ባለበት አገር፣ አፍን ከፍቶ ትንፋሽን እስከ መጨረሻ ማውጣት የሚፈቀድበት አንድ ቦታ አለ። ለኛ ሙሾ አውራጆች አሉልን።

ከሰሉ አልቋል። የሮንዳ የመጨረሻው ጉድጓድ ማርዲ በታኅሣሥ 1990 ተዘጋ። ኳየሮቹ አሉ፤ ግን ወጣት አይገባም፣ ቋንቋውን የማያውቁት የዌልስኛውን ግጥም በድምፁ ሸምድደው ነው የሚዘምሩት። ልምምዱ ሲያልቅ አንዱ ቴነር አጠገቤ መጥቶ «አሁን የሚያሳስበን ሁለተኛ ባስ ነው፣ ባለፈው ክረምት ሁለት ቀበርን» አለኝ። ዳቦ አለቀብን እንደሚል ሰው ነበር አነጋገሩ።

(ደወል ተደርጎልኝ ሄጄ ነበር። ተመልሼ ነው የምጽፈው።)

የቴነሮቹን ዜማ ሐሙስ ዕለት ስልኬ ላይ ቀድቼው አውቶቡስ ውስጥ ሳጠናው ከርሜያለሁ። ቃሉን አላውቅም፣ ዜማውን ብቻ። ቅድም የአባባን ትራስ ላስተካክል ገብቼ ሲያንጎራጉሩ ደረስኩ፤ በሩን ገፋ አደረግሁና ከላይ ያለውን ቀስ ብዬ ያዝኩላቸው። ዓይናቸውን አልገለጡም። ከሥሬ ግን ያ ወፍራም ድምፅ ትንሽ ከፍ አለ። ሁለት ሐረግ አብረን ሄድን፤ ለአንዴ ያ ዘፈን ክፍሉ ውስጥ ዘፈን ሆነ። ሦስተኛው ላይ ቸኮልኩ መሰለኝ፤ ሰማያዊ ጭረት ያለበትን ጣታቸውን ከብርድ ልብሱ ላይ አነሡ።

«ገና ነው፣ ባኽ» አሉኝ።

ዝም ብዬ ጣታቸው እስኪወርድ ጠበቅሁ።