ከደሴ ሲታይ የጄኔቫው ወንበር

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ከደሴ የወጣን ሰዎች ያን ሳምንት የምናስታውሰው ሕዝብ በሐረጎ ቁልቁለት ሲጎርፍ ነው። በዚያው ሳምንት፣ ጥቅምት 24 ቀን፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ከተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት ጋር ስለ ትግራይ ጦርነት በጣምራ ያደረገውን ምርመራ ይፋ አደረገ። ምርመራው ሰኔ 21 ቀን 2013 ላይ ስለሚያበቃ የእኛ መከራ በውስጡ አልነበረም፤ ስለ አማራና አፋር ክልሎች ኮሚሽኑ ለብቻው ያዘጋጀው ሪፖርት የወጣው መጋቢት 2014 ነው።

ጎረቤቴ እትዬ ሰሞኑን ቡና ላይ፣ «አንተ ልጅ፣ መንግሥት ያቋቋመው ኮሚሽን መንግሥትን ባሕር ማዶ ሄዶ ይከሳል እንዴ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ኮሚሽኑ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት በአዋጅ ቁጥር 210/1992 ተቋቁሞ ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲሆን፣ ጄኔቫ ላይ፣ በተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት ፊት የሚናገረው ግን ከመንግሥት ልዑካን ጋር ሳይሆን በራሱ ስም ነው። ይህን የሚያስችለው በ1986 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቃቸው የፓሪስ መርሆዎች (የአገራዊ ሰብአዊ መብት ተቋማት መመዘኛዎች) የሚጠይቁትን ነፃነት ማሟላቱ ሲታመንበት የሚሰጠው የ«ኤ» ደረጃ ነው። ቀድሞ «ቢ» ላይ የነበረው ኮሚሽናችን ይህን ያገኘው በ2014 ዓ.ም. ሲሆን፣ ደረጃው በየ5 ዓመቱ እንደገና ይመረመራል፤ ሊነጠቅም ይችላል።

ክስ ግን አይደለም፤ ኮሚሽኑ ፍርድ ቤት አይደለምና። አገራችን በኅዳር 2017 እንደቀረበችበት ያለ የአገሮች የሰብአዊ መብት አያያዝ ወቅታዊ ግምገማ ሲደረግ የራሱን ሪፖርት ያስገባል፣ ውጤቱ በጄኔቫው ምክር ቤት ሲጸድቅም ከመንግሥት ቀጥሎ ይናገራል። የጣምራ ምርመራውን ብዙዎች ከሁለቱም ወገን ነቅፈውታል፤ ከፊሉ «የመንግሥት ተቋም እንዴት ይመረምራል?» በማለት፣ ከፊሉ ሚዛኑን በመጠራጠር። እኔ ግን የውጭ መርማሪ ብቻውን የማይገባበት ቦታ እንዳለ ሁሉ፣ የአገር ውስጥ ተቋም ብቻውን የማይታመንበት ጊዜም አለ ብዬ ስለማስብ፣ አብረው መሥራታቸውን አልነቅፍም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ጄኔቫ ላይ የሚሰጡት ደቂቃዎች ጥቂት ናቸው፣ በእነሱ የሚነገረውም ቀድሞ ከየሰፈሩ ከተሰበሰበው ቃል አይበልጥም።

ይህን ሁሉ ካስረዳሁ በኋላ እትዬ ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «እኛን እኮ የጠየቀን የለም» አሉ።