በዶሮ አፍ ውስጥ የሚወጣ እባጭ፦ የመለየትና የማከም ልምዴ

በዶሮ አፍ ውስጥ የሚታይ ቢጫ ወይም ነጭ እባጭ የአንድ በሽታ ብቻ ምልክት አይደለም። ጥገኛ ተዋሲያን፣ ቫይረስ፣ ፈንገስ፣ የቫይታሚን እጥረትና የሻገተ መኖ ሁሉም በመልክ እጅግ የሚቀራረብ ነገር ያወጣሉ፤ የአንዱ መድኃኒት ደግሞ ለሌላው ምንም አይፈይድም፣ አንዳንዴም ያባብሰዋል። በጓሮዬ ከማረባቸው ዶሮዎች አንዷ በዚህ ችግር ታማ ነበርና፣ ያየሁትን ምልክት፣ በሽታው የተለየበትን መንገድና ያደረግሁላትን እንክብካቤ እንደ እኔ ጥቂት ዶሮዎች ለሚያረቡ ወገኖች በዚህ ጽሑፍ አካፍላለሁ።

ትኩረቴን የሳበው አፏ ሳይሆን አበላሏ ነበር። እንደ ወትሮዋ ወደ መኖው ትሮጣለች፣ ጥሬውን በምንቃሯ ታነሣለች፣ ነገር ግን ጥቂት ካገላበጠችው በኋላ መልሳ ትጥለዋለች። ፍላጎት እያላት መዋጥ አለመቻሏ፣ የምግብ ፍላጎት ጠፍቶባት ጥግ ይዛ ከምትቆም ዶሮ ይለያታል፤ ይህ ልዩነት ችግሩ ከአፍ ወይም ከጉሮሮ እንደሚጀምር የሚጠቁም ጥሩ ፍንጭ ነው። ጭንቅላቷን አዘውትራ ታራግፋለች፤ ስትቀርብም አፏ ደስ የማይል ሽታ ነበረው።

አፍ ለመክፈት ዶሮዋን ክንፎቿን ጭምር በፎጣ መጠቅለልና ቀጥ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። ዶሮ እንደ ሰው ደረትንና ሆድን የሚለይ የመተንፈሻ ጡንቻ የላትም፤ የምትተነፍሰው የደረት አጥንቷን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በማንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ ደረቷን አጥብቆ የያዘ ሰው በጥንቃቄ የያዛት ቢመስለውም ትንፋሿን እያገደ ነው። አንድ ሰው ሲይዝ ሌላው የላይኛውንና የታችኛውን ምንቃር በጣቶቹ ቀስ አድርጎ ይከፍታል፣ በራስ ላይ የሚታሰር መብራት ደግሞ ሁለቱንም እጅ ነፃ ያደርጋል።

ከታመመችው በፊት የጤነኛይቱን አፍ መመልከት ትልቅ ጥቅም አለው። በላንቃዋ መካከል ወደ አፍንጫ የሚያደርስ ረጅም ስንጥቅ አለ፤ በዙሪያው ወደ ኋላ የዘመሙ ጥቃቅን ሾጣጣ ነገሮች ተደርድረዋል፤ ከምላሷ ሥር ደግሞ በምትተነፍስበት ጊዜ የሚከፈትና የሚዘጋ የአየር ቧንቧ አፍ ይታያል። ይህን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው በሽታ ቢመስለው አይፈረድበትም። ጤናማው የአፍ ውስጥ ሽፋን ግን እርጥብ፣ ለስላሳና ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው።

የእኔዋ ዶሮ በላንቃዋ ስንጥቅ ግራ ጠርዝ ላይና ከምላሷ ሥር የተፈረፈረ አይብ የመሰለ ቢጫማ ሽፋን ነበራት። ከምላሷ ሥር ያለው ወፍራም ሆኖ ወደ አየር ቧንቧው አፍ ተጠግቷል፤ በላንቃው ላይ ያለው ግን ገና እርስ በርሳቸው ያልተያያዙ ትናንሽ ነጫጭ ነጥቦች ነበሩበት። ምላሷንም ከፍ አድርጌ ሥሩን ተመልክቻለሁ፤ ክር ወይም ረጅም ሣር በምላስ ሥር ተጠምጥሞ እብጠት የሚያመጣበት ጊዜ አለና ይህ ሳይታይ መታለፍ የለበትም።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። የአእዋፍ መግል እንደ ሰው መግል ፈሳሽ አይደለም። መግልን የሚያፈሳው ኢንዛይም በነጭ የደም ሕዋሶቻቸው ውስጥ ስለሌለ፣ ቁስላቸው ያመነጨው ነገር ጠጥሮ ቢጫ ክምችት ይሆናል። ስለሆነም «ቢጫና ጠጣር ነው» ማለት «ቁስለት አለ» ከማለት ብዙም አይርቅም፤ ምክንያቱን አይነግረንም። ፎቶግራፍ ብቻ አይቶ የበሽታውን ስም የሚናገር ሰው ሲያጋጥመኝ የማልቀበለው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያ ጥርጣሬዬ ትሪኮሞናስ ጋሊኔ የሚባለው ባለ ብዙ ጅራፍ፣ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተዋሲያን ነበር። ዋና መኖሪያው እርግብ ነው፤ ዶሮዎች ከእርግቦች ጋር የመጠጫ ውኃ ወይም መኖ ሲጋሩ ይተላለፍባቸዋል። በአፍ፣ በጉሮሮና በአንገት ሥር ባለው የምግብ ማጠራቀሚያ ከረጢት ቢጫ ክምችት ይፈጥራል፤ ሽታውም ከባድ ነው። የእኔም ዶሮዎች መጠጫ ዙሪያ እርግቦች አይጠፉም፤ ስለዚህ ጥርጣሬው መሠረት ነበረው። ሁለተኛው ጥርጣሬ የዶሮ ፈንጣጣ ነው። ብዙዎቻችን ፈንጣጣን የምናውቀው ላባ በሌለበት የፊት ቆዳ ላይ በሚያወጣው ጥቁር ቅርፊት ነው፤ ነገር ግን ቫይረሱ በአፍና በአየር ቧንቧ ውስጥም ይወጣል፣ ይህ የውስጡ ዓይነት ደግሞ ትንፋሽ ስለሚዘጋ ከውጪኛው ይልቅ ይገድላል። ሦስተኛው ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ አንቲባዮቲክ በተሰጣቸው ዶሮዎች ላይ ይበዛል፣ ነጣ ያለና በቀላሉ የሚፋቅ ሽፋን ያወጣል፣ የምግብ ከረጢቱንም ግድግዳ ያወፍራል።

የቫይታሚን ኤ እጥረትን በቶሎ ከዝርዝሩ አውጥቼዋለሁ። እጥረቱ በጉሮሮ ላይ ሁለት ሚሊሜትር የሚያህሉ ነጫጭ እብጠቶችን ያወጣል፤ ሆኖም የሚከሰተው አረንጓዴ ቅጠል በማያገኙ፣ በነጭ በቆሎ ወይም ብዙ ጊዜ በተቀመጠ መኖ ብቻ በሚኖሩ ዶሮዎች ላይ ሲሆን፣ አንዷን ለይቶ ሳይሆን መንጋውን በሙሉ የሚነካ ነው። የሻገተ መኖ መርዝም እንዲሁ ከአንድ መኖ የሚበሉትን በአንድ ጊዜ ያጠቃል፤ ቁስሉም በብዛት በምንቃር ጠርዝና በምላስ ጫፍ ላይ ይወጣል።

ሽፋኑን በጥፍር ወይም በመቆንጠጫ መላጥ እንደ ምርመራ ዘዴ ሲነገር እሰማለሁ። «ሲላጥ የሚደማ ከሆነ ፈንጣጣ ነው» ይባላል። የፈንጣጣ ሽፋን ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር ስለሚጣበቅ ሲነሣ መድማቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የትሪኮሞናስም ክምችት ሥር ከሰደደ ሊደማ ይችላል። ከዚህም በላይ ደሙ በአየር ቧንቧው አፍ አጠገብ የሚፈስ ከሆነ ዶሮዋ ወደ ሳንባዋ ልትስበው ትችላለች። በእርጥብ የጥጥ ዘንግ ቀስ ብዬ ነካ አደረግሁት፤ አልተነሣም፣ እኔም አልታገልኩትም።

ቀጥሎ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ከቁስሉ ጠርዝ በጥጥ ዘንግ ናሙና ተወሰደ፣ በአንድ ጠብታ ለብ ያለ ኖርማል ሳላይን (የጨው ውኃ) ስላይድ በሚባል ስስ መስታወት ላይ ተቀብቶ ወዲያው በማይክሮስኮፕ ታየ። «ወዲያው» የሚለው መሠረታዊ ነው፤ ትሪኮሞናስ ራሱን የሚሸፍንበት ጠንካራ ቅርፊት ስለሌለው ከደረቀ ወይም ከቀዘቀዘ ፈጥኖ ይሞታል፤ ከሞተ በኋላ ደግሞ ከሌሎች ሕዋሳት መካከል ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ነው። ሕያው ሲሆን እየተንቀጠቀጠ ሲዋኝ ይታያል። በቤት ናሙና ወስዶ አድሮ ለላቦራቶሪ ማቅረብ ስለዚህ ብዙም አያስተማምንም፤ ዶሮዋን ራሷን ይዞ መሄድ ይሻላል።

በስላይዱ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር አልታየም፤ የፈንገስ ክሮችም አልነበሩም። አንድ ባዶ ስላይድ ትሪኮሞናስ የለም ብሎ ለመደምደም ስለማይበቃ ናሙናው በድጋሚ ተወሰደ፣ ውጤቱም ያው ሆነ። ጉዳዩን የቋጨው ግን ማይክሮስኮፑ ሳይሆን የቀሩት ዶሮዎች ናቸው። ሁሉንም አንድ በአንድ ስፈትሽ፣ ፍጹም ጤነኛ ትመስል የነበረች ሌላ ዶሮ በአናቷ ላይ ባለው ቀይ ሥጋና በዓይኗ ጥግ ላይ ገና አመድማ የሆኑ ጥቃቅን እብጠቶች አገኘሁባት፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠቁረው ቅርፊት ሆኑ። ለማረጋገጥ የቁስሉን ቁራጭ ለላቦራቶሪ መላክም ይቻላል፤ ሐኪሙ ግን የሁለቱ ዶሮዎች ምልክት ሲገጣጠም ፈንጣጣ ብሎ ለመወሰን በቂ ነው አለኝ። አንዲት ዶሮ ስትታመም ሁሉንም መፈተሽ የምመክረው በዚህ የተነሣ ነው።

የዶሮ ፈንጣጣን ቫይረስ የሚገድል መድኃኒት የለም። በአንድ ዶሮ ላይ በሽታው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ሰውነቷ ራሱ ያሸንፈዋል፤ ስለዚህ ሕክምናው እስከዚያ ድረስ በረሀብ፣ በውኃ ጥም ወይም በመታፈን እንዳትሞት መጠበቅ ነው። ይህ እንደ ቀላል ነገር ይነገራል፤ ሥራው ግን ቀላል አይደለም።

ዶሮዋን ሙቀትና ጥላ ባለው ለብቻው ስፍራ አኖርኳት። በየማለዳው ከመመገቧ በፊት በሚዛን እመዝናታለሁ፤ ላባ ክሳትን ስለሚሸፍን በዓይን መገመት አያስተማምንም። በዚያው ጊዜ የምግብ ከረጢቷን እዳስሳለሁ፤ ጤናማ ከረጢት ሌሊቱን ባዶ ሆኖ ማደር ይገባዋል፣ ጠዋት ሞልቶ ከተገኘ ምግቡ እየወረደ አይደለም። ጥሬውን ትቼ የተፈጨ መኖ በለብ ያለ ውኃ አቅጥኜ አቀረብኩላት፤ የሚያቆስል ጠንካራ ነገር ስለሌለበት መዋጥ ቻለች። ክብደቷ በቀነሰባቸው ቀናት ሐኪሙ ባሳየኝ መሠረት በለስላሳ ቱቦ መገብኳት። ቱቦው ከዶሮዋ በስተቀኝ ባለው የአፏ ጎን ወደ ኋላ ይገባል፤ የምግብ ቧንቧዋ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ሲሆን የአየር ቧንቧው አፍ ግን መካከል ላይ፣ ከምላሷ ሥር ነው። ይህን ሰው ሳያሳየው ማንም ባይሞክረው እመርጣለሁ፤ ወደ አየር ቧንቧ የገባ ፈሳሽ ከበሽታው ይልቅ በፍጥነት ይገድላል።

ለቁስሉ እጅግ የቀጠነ ፖቪዶን አዮዲን የተባለ ጀርም ገዳይ ፈሳሽ በጥጥ ዘንግ ጫፍ ብቻ እቀባለሁ፤ አፏ ውስጥ ጨርሶ አላንጠባጥብም። ሽፋኑ ከሥሩ እየላላ ሲመጣ ራሱ የለቀቀውን ክፍል ብቻ አነሣለሁ። ከአየር ቧንቧው አፍ አጠገብ ያለውን ግን የሐኪሙ ሥራ አድርጌ ተውኩት፤ አንድ ጊዜ ትንፋሿ ማፏጨት በጀመረ ጊዜ ከፊሉን እሱ በጥንቃቄ አንሥቶላታል። አንቲባዮቲክ ቫይረሱን አይነካም፤ በቁስሉ ላይ ባክቴሪያ ሲደረብ ብቻ ይረዳል። ያለ ምክንያት ቢሰጥ ግን ከላይ ለጠቀስኩት ፈንገስ በር ይከፍታል።

ውጤቱ ትሪኮሞናስ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ሌላ ይሆን ነበር። ሜትሮኒዳዞልና ዘመዶቹ ይህን ተዋሲያን ይገድላሉ፤ ነገር ግን በአውሮፓ ኅብረትና በአሜሪካ ለምግብ በሚውሉ እንስሳት ላይ መስጠት የተከለከለ ነው፤ እንቁላሏ ወይም ሥጋዋ የሚበላ ዶሮ ደግሞ ጓሮ ውስጥ ብትኖርም ለምግብ የምትውል ናት። በእጅ ያለ የሰው ክኒን ሰባብሮ ከመስጠት በፊት ይህን ማሰብ ያሻል። ለካንዲዳ ኒስታቲን ይታዘዛል፤ ለቫይታሚን እጥረት ደግሞ ቫይታሚን ኤ፣ ያውም በልክ፣ ትርፉ ከሰውነት ስለማይወጣ በጉበት ተከማችቶ ይመርዛልና።

ለቀሪው መንጋ ጥንቃቄው ከሕክምናው እኩል ጊዜ ወስዷል። ቫይረሱን ትንኞች ከዶሮ ወደ ዶሮ ያመላልሱታል፣ በመጫጫርና በመነካከስ በተፈጠረ ቁስልም ይገባል፣ በረገፈ ደረቅ ቅርፊት ውስጥ ደግሞ ለወራት ይቆያል። የታቆረ ውኃ ደፋሁ፣ የቤታቸውን መስኮት በወንፊት ሽቦ ሸፈንኩ፣ ቅርፊት የረገፈበትን ጉዝጓዝ አውጥቼ አቃጠልኩ። በሽታው የታየው በጥቂቶቹ ላይ ብቻ ስለነበር ሐኪሙ ጤነኞቹን ከተባቸው። የፈንጣጣ ክትባት በውኃ አይሰጥም፤ ባለ ሁለት ጫፍ መርፌ በክትባቱ ተነክሮ የክንፍ ስስ ቆዳ ይወጋበታል። ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የተወጋውን ቦታ ማየት ያስፈልጋል፤ እብጠት ወይም ቅርፊት ከታየ ክትባቱ ይዟል፣ ምንም ከሌለ አልያዘም ማለት ነው። ከእኔዎቹ አንዷ ምንም ምልክት ስላላሳየች በድጋሚ ተከትባለች።

አሁን በላንቃዋ ላይ የነበረው ሽፋን ሙሉ በሙሉ ረግፎ ቦታው ሮዝ ሆኗል፤ ከምላሷ ሥር ትንሽ ጠባሳ ቀርቷል። ጥሬ መብላት ጀምራለች፣ ክብደቷ ወደ ቀድሞው ተመልሷል፣ እንቁላል መጣል ግን ገና አልጀመረችም። የሌላዋም ቅርፊት ረግፏል። ቁስሉ ደርቆ የሚታይ ቅርፊት እስኪጠፋ ድረስ ሁለቱንም ከመንጋው ለይቼ አቆይቻለሁ።

ተመሳሳይ ምልክት ለሚያጋጥማችሁ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ዶሮዋ አንገቷን ዘርግታ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ፣ ደም የቀላቀለ አክታ ካስነጠሰች ወይም ብዙ ዶሮዎች በአንድ ጊዜ መሞት ከጀመሩ፣ አፍ እየከፈቱ መመርመሩን ትታችሁ በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ፈንግልን የመሳሰሉ በፍጥነት የሚዛመቱ በሽታዎች ሊሆኑ ስለሚችሉ ሐኪሙ እስኪመጣ ድረስ ከጓሯችሁ ዶሮ አታውጡ፣ አታስገቡም። በዕድሜ የገፋች ዶሮ በአንድ ወገን ብቻ ቀስ እያለ የሚያድግ ጠንካራ እባጭ ካላት ደግሞ ዕጢ ሊሆን ስለሚችል የሚለየው ከእባጩ በሚወሰድ ቁራጭ ምርመራ ነው።