ቅጠሉን አየሽው?

የምንከባከባት ሴትዮ ያረፈችው ሐሙስ ለሊት ነው። 91 ዓመቷ ነበር። ሁለት ዓመት ከምናምን በሳምንት አምስት ለሊት ናይት ሺፍት አብሬያት አድሬያለሁ፣ አሜሪካ ከገባሁ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከእናቴ ጋር ያደርኩት ለሊት ቢቆጠር የሷን ሩብ አይሞላም። ዓርብ ጠዋት የምሰራበት ኤጀንሲ ቴክስት ላከ፣ አዝናለሁ ከሚለው ቀጥሎ ሌላ ኬዝ እስኪገኝ ሰዓት የለሽም ይላል። በቃ ይሄው ነው። ልጆቿ ጨዋ ናቸው ደውለው አመስግነውኛል፣ ቀብሩ ግን ባሏ የተቀበረበት ኦሃዮ ነው አሉኝ፣ እኔም እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና የተጠራቀመ ልብስ ማጠብ ጀመርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ጓደኛዬ ከስራ ብሬክ ላይ ደወለች። "ድምፅሽ ምን ሆኗል?" አለችኝ። ሰው ሞቶብኛል ለማለት አፈርኩ። ዘመዴ አይደለች፣ ጎረቤቴ አይደለች፣ እዚህ ክላየንት ነው የምንላቸው፣ ለክላየንት ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ደግሞ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ብቻ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና "ስምንት ሰዓት ላይ እወጣለሁ፣ ወፈር ያለ ልብስ ያዢ" አለች (በኛ ሰዓት ነው፣ እኔና እሷ እስከዛሬ በኛ ሰዓት ነው የምናወራው)።

"የት ልንሄድ?"

"ተራራው ጋ።"

"የቱ ተራራ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሰው ሁሉ በኦክቶበር የሚሄድበት ነዋ!"

ከዚች ልጅ ጋር ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ አንድ ቤዝመንት ውስጥ በአንድ ምድጃ እየተጋፋን ነው ኑሮ የጀመርነው። አሁን የአስራ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው መሀላችን ያለው፣ ግን እሷ ዳውንታውን ፓርኪንግ ካሸር ነች ቀን ትሰራለች፣ እኔ ማታ፣ በአካል የተያየነው ሰኔ ላይ ሰርግ ቤት ነበር እሱም ቆመን። እና መኪናውን አቁማ የኋላውን ኮፈን ስትከፍተው ምን ይዛ ብትመጣ ጥሩ ነው? ጀበናውን በፎጣ ጠቅልላ ልብስ ማጠቢያ ቅርጫት ውስጥ አስቀምጣዋለች፣ ትንሽዬ የጋዝ ምድጃ፣ ጥሬ ቡና፣ ስኒ፣ እና አንድ ትልቅ ፕላስቲክ እቃ ሙሉ ንፍሮ። ንፍሮ! ሽምብራው የጣሳ ነው፣ በቆሎውም የጣሳ ነው፣ ግን ንፍሮ ነው። "ለቅሶ ባዶ እጅ ይመጣል እንዴ?" አለችኝ። ሳቅኩባት እንጂ ሌላ ምን እላለሁ።

ሀይዌይ 66 ላይ ማናሳስ እስክናልፍ ትራፊኩ አይነገርም፣ የዲሲ ሰው በሙሉ በዛች ቀን የተጠራራ ነው የሚመስለው። ሉሬ የምትባል ከተማ ስንደርስ ጨልሟል፣ ቡክ ያደረግነው ነገር የለም፣ የመጀመሪያው ሞቴል ሞልቷል፣ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛው አንድ አልጋ ያለው አንድ ክፍል አለኝ 169 ዶላር አለን። ከዛ ያው የምታውቁት ጦርነት ተነሳ፣ "ሞቼ ነው የምትከፍይው"፣ "በአላህ ተይኝ"፣ "በማርያም ካርድሽን አስገቢ"፣ ልጁ ፖሊስ ልጥራ አልጥራ እያለ ይመስለኛል ሁለታችንንም አይቶ ቀረብ ያለለትን ካርድ ወሰደ። የሷ ሆነ። ለሊት ተነስቼ 100 ዶላር ቦርሳዋ ኪስ ውስጥ ከተትኩ፣ ሰኞ ጠዋት ስራ ጫማዬን ላደርግ ስል ብሩ ጫማው ውስጥ ቁጭ ብሏል። መቼ እንዳስቀመጠችው እስካሁን አልነገረችኝም።

እሁድ ቅዳሴ ቀርቼ ዋሻ ገባሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። የሉሬ ዋሻ በ1878 ነው የተገኘው፣ ውስጡ ክረምት ከበጋ 12 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከጣሪያው ድንጋይ እንደ ሻማ ጠብ ጠብ እያለ ወርዷል፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ የተጠበሰ እንቁላል የሚመስል ድንጋይ አለ፣ ሁለት እንቁላል ከነአስኳሉ። ኩሬዋ ግን ጉድ ነች። አንድ ጥልቅ ገደል አየሁ ብዬ ወደ ኋላ ስል ለካ ከጉልበት የማታልፍ ውሃ ነች፣ ጣሪያው ነው ውስጧ የሚታየው፣ ውሃው ከመርጋቱ የተነሳ የቱ ድንጋይ የቱ ጥላ እንደሆነ አይለይም። ጓደኛዬ አጥሩን ይዛ ረጅም ሰዓት ቆመች። "ሮቤ ተወልጄ፣ እዛው አድጌ፣ ሶፍ ዑመርን አላየሁም ታምኛለሽ? አያቴ ለዚያራ ስትሄድ ውሰጂኝ ብዬ አልቅሻለሁ፣ ስታድጊ ትሄጃለሽ አሉኝ፣ ሳድግ ወጣሁ። የኛ እኮ ወይብ ወንዝ ራሱ ነው ውስጡን የሚያልፈው፣ 15 ኪሎ ሜትር ነው! እኔ ግን ቨርጂኒያ መጥቼ ዋሻ ለማየት ዶላር ከፈልኩ ወላሂ።"

ከዛ ወደ ስካይላይን ድራይቭ ወጣን፣ የሸናንዶዋ ፓርክ መንገድ ነው። ሙሉው መንገድ 105 ማይል ነው፣ በተራራው ጀርባ ላይ የሚሄድ፣ መግቢያው ለመኪና 30 ዶላር፣ ከ35 ማይል በላይ መንዳት ክልክል ነው። በ35 ማይል መንዳት ረስተነው ነበር፣ እሷ ኧረ ቆመናል እንዴ እያለች ፍጥነት መቁጠሪያውን ታያለች። ስለ ቅጠሉ ምን ልበላችሁ። ቢጫ፣ ብርቱካን፣ የበሰለ ቃሪያ ቀይ፣ ሸለቆው ድረስ። ለኛ ሰው ይሄ ነገር ትንሽ ግራ ያጋባል፣ እኛ ቢጫ ስናይ አደይ ነው፣ መስከረም ነው፣ ክረምቱ አለፈ ማለት ነው፣ እዚህ ቢጫው ክረምቱ ሳይመጣ ነው የሚፈነዳው፣ አንጀቴ ደስ ይበለው አይበለው አላወቀም።

አንድ መቆሚያ ጋ ወርደን ቁልቁል አየን። ይሄ ሁሉ ጫካ ድሮ ሰው የሚኖርበት ነበር፣ በ1930ዎቹ ፓርኩን ለመስራት ብዙ መቶ ቤተሰብ ተነስቷል። ይሄን ስነግራት "እዚህም አስነስተው ነው?" ብላ ከንፈሯን መጠጠች፣ ሌላ አልተናገርንም።

ኤልክዋሎ የምትባል ፒክኒክ ቦታ ላይ ቡናው ተፈላ። ምግብ ሜዳ ላይ ጥላችሁ አትሂዱ ድብ አለ ይላል ማስጠንቀቂያው፣ "ጅብ ቢሆን ባህሪውን እናውቀው ነበር፣ ድብ ምን ይባላል ሲመጣ?" እያለች ትቆላለች። ነፋሱ እሳቱን እያጠፋ አስቸገረን፣ ቅርጫቱን በፎጣ ሸፍነን ከለልነው። ሽታው ሲወጣ አጠገባችን ያሉ ሽማግሌ ፈረንጆች ዞር ዞር አሉ፣ አንድ አንድ ስኒ ሰጠናቸው፣ ሰውዬው በአንድ ጊዜ ጨልጦ አይኑ ፈጠጠ።

ንፍሮውን መሀል አድርጋ "በይ አውሪኝ፣ ምን አይነት ሰው ነበሩ?" አለችኝ። "ነበሩ" ስትል ደነገጥኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ በእንግሊዝኛ ዩ ስላት ኖሬ አንቱ የሚባሉ ሰው መሆናቸውን ረስቼዋለሁ። እና አወራሁላት። ሻይ ሲያቀርቡላቸው ስኳሩን ደብቀው ሁለት እንደሚጨምሩ፣ ለሊት በስህተት በእህታቸው ስም እንደሚጠሩኝ። ከዛ ስለ ቅጠሉ ነገርኳት። በልጅነታቸው አባታቸው በመኪና እዚህ ያመጧቸው ነበር፣ መራመድ ካቆሙ ወዲህ መስኮታቸው የሚያየው ፓርኪንግ ሎቱንና አንዲት ዛፍ ነው። ኦክቶበር በመጣ ቁጥር "ዘንድሮ ቅጠሉን አየሽው?" ይሉኛል። እኔ ደግሞ በሳምንት አምስት ለሊት ከሳቸው ጋር አድሬ፣ ቀን ተኝቼ፣ የት አባቴ አይቼ! "አዎ አየሁት" እላለሁ። "የትኛው ነው የቀላው፣ የላይኛው ነው የታችኛው?" "የላይኛው።" ይስቃሉ፣ "ሁልጊዜም የላይኛው ነው" ይላሉ። ሁለት ዓመት ዋሸኋቸው።

እዛ ላይ ነው እንባው የመጣው፣ ስኒውን እንኳን ማስቀመጥ አልቻልኩም። እሷ አይዞሽ አላለችኝም፣ ስኒውን ከእጄ ወስዳ ቶናውን ቀዳች። ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን አዞሩልን።

ተራራው ላይ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። ፍሮንት ሮያል ስንወርድ ስልኬ ተንጫጫ፣ ኤጀንሲው ለሰኞ አዲስ ኬዝ ልኳል፣ እናቴ ሰባቴ ደውላለች። አዲስ አበባ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆኗል።

"የት ጠፍተሽ ነው ልጄ? ልቤን አጠፋሽው እኮ!"

"ለቅሶ ሄጄ ነው እማ።"

"ውይ! የማን?"

"የምጠብቃቸው ሴትዮ።"

"ነፍስ ይማር። ስንት ዓመታቸው ነበር?"

"91።"

"እሰይ፣ ጠግበው ነው የሞቱት። ታዲያ ሰው ነበረ ለቅሶው ላይ?"

ጓደኛዬን አየኋት፣ መሪውን ይዛ ንፍሮ እየቆረጠመች ነው።

"ነበረ" አልኳት።