«ይታሰራል ወይስ አይታሰርም?»

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከምኖርበት ብሎክ ሥር ባለች ትንሽ ሱቅ በር ላይ «ስልክ ቻርጅ እናደርጋለን» የሚል ጽሑፍ ከተለጠፈ ዓመታት አልፈዋል። ሱቋ ጄኔሬተር ስላላት መብራት በጠፋ ቁጥር የሰፈሩ ሰው ስልኩን ይዞ ደጃፏ ላይ ይቆማል። እኔም «ቻርጅ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል የማውቀው በዚህ መልኩ ነበር፤ 9ኛ ክፍል በፊዚክስ ከተማርናቸው ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ቻርጆች በቀር ሌላ ትርጉም ይኖረዋል ብዬ ጠርጥሬ አላውቅም። መምህራችን በሰሌዳው ግራ በኩል ቃሉን፣ በቀኝ በኩል ፍቺውን ይጽፉልን ስለነበር፣ ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ ሸምድዶ ማደግ የእኔ ብቻ ሳይሆን የብዙዎቻችን ልማድ ይመስለኛል።

ይህ ልማድ ያሳፈረኝ ጎረቤቴ በሆኑ አንዲት እናት ፊት ነው። ውጭ አገር የሚኖረው ልጃቸው በመኪና አደጋ ምክንያት ፍርድ ቤት ይመላለስ ስለነበር፣ እማማ ወራቱን ሁሉ በስለት ነው ያሳለፉት። አንድ ቀን በማለዳ ልጁ የፍርድ ቤቱን ወረቀት ፎቶ አንሥቶ ላከላቸው፤ እሳቸውም አንብብልኝ ብለው ስልካቸውን ይዘው መጡ። ወረቀቱ «ቻርጅስ» ይላል፣ ዝቅ ብሎም «ዲስሚስድ» ይላል። ነገሩ የባትሪ እንዳልሆነ ለመረዳት ብዙ አልፈጀብኝም፤ ወዲያው ሆቴል ስንመገብ በሒሳቡ ላይ ከ15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር ተደምሮ የሚመጣው 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ትዝ አለኝና በሙሉ ልብ «እማማ፣ ደስ ይበልዎት፣ ክፍያው ቀርቶለታል» አልኳቸው። ፊታቸው ግን አልተፈታም።

«የገንዘቡን ማን ጠየቀህ ልጄ? ይታሰራል ወይስ አይታሰርም?»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ቁጭ በል ቢባሉ እንቢ ብለው በር ላይ እንደቆሙ መዝገበ ቃላት ገለጥሁ፤ ከብዙ ፍቺዎች መካከል «ክስ» የሚለውን ሳገኝ ነው ክሱ ውድቅ መደረጉ የገባኝ። እልል ብለው ወጡ። እኔ ግን መዝገበ ቃላቱን መክደን አልቻልኩም።

ቃሉ ማስከፈል ነው፣ መክሰስ ነው፣ ኃላፊነት መስጠት ነው፣ ጠላት ላይ እየሮጡ መውደቅ ነው፣ ለመድፍ ባሩድ ማጉረስ ነው፣ ባትሪ መሙላት ነው። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቤት ያስገባቸው ምን እንደሆነ ለማወቅ የቃሉን ዘር ስከታተል የደረስኩት ጋሪ ላይ ነው። በላቲን «ካሩስ» ጋሪ ማለት ሲሆን፣ ከእርሱ የወጣው «ካሪካሬ» ጋሪ ላይ መጫን ማለት ነበር። ይህ ግሥ በፈረንሳይኛ በኩል፣ ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በነበሩት ዘመናት፣ ወደ እንግሊዝኛ ገባ። መኪናን የምንጠራበት «ካር»ም ሆነ አየር መንገዱ የሚጭነው «ካርጎ» ከዚሁ ዘር የበቀሉ ናቸው። እንግዲህ ቻርጅ በመሠረቱ ሸክም ነው፤ ገንዘቡም፣ ክሱም፣ ኃላፊነቱም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የሚጫን ነገር ነው። እኛም ብንሆን ዕዳ እንሸከማለን፣ ኃላፊነት ይጫንብናል፣ አንዳንዴም ያልሠራነውን ጥፋት ይጭኑብናል።

የባትሪው ነገር ትንሽ ያስቸግር ነበር፤ እርሱም የመጣው በመድፍ በኩል ይመስላል። መድፍ ውስጥ የሚጫነው ባሩድ ቻርጅ ይባል ስለነበር፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኤሌክትሪክን በብርጭቆ ማሰሮ ያጠራቀሙ ተመራማሪዎች ማሰሮውን መሙላትን በዚያው ቃል ጠሩት። «ባትሪ» ራሱ የመድፎች ረድፍ ስም ነበር፤ የተያያዙ ማሰሮዎችን በዚህ ስም የጠራቸው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። ይህን ሳነብ በእንግሊዞች ላይ መሳቅ አማረኝ፣ ግን የራሳችን «አጎረሰ» ትዝ ብሎኝ ተውኩት። እንግዳ እናጎርሳለን፣ ለአስተናጋጅ ጉርሻ እንሰጣለን፣ ጠመንጃም ጥይት ይጎርሳል። አማርኛ የሚማር ፈረንጅ ሦስቱን በአንድ ማዕድ ሲያገኛቸው ምን እንደሚል እንጃ!

ከሰፈራችን አጠገብ የሚጀምረው፣ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዳማ የሚገባው የፍጥነት መንገድ ላይ መኪኖች የሚከፍሉት ገንዘብ በእንግሊዝኛ ቻርጅ ሊባል ይችላል። ከመንገዱ ወዲህ ደግሞ፣ ውኃ በጠፋ ሰሞን፣ ቢጫ ጀሪካን የጫነ የአህያ ጋሪ በብሎኮቹ መሐል ያልፋል። ባለጋሪው ሒሳቡን የሚሠራው በጀሪካኑ ቁጥር ነው፤ ጭነትና ክፍያ በአንድ ቃል መጠራታቸው ከዚያ በኋላ አልገረመኝም።

ይሁን እንጂ የቃሉን ዘር ማወቅ በዚያ ማለዳ አያድነኝም ነበር። ሸክም መሆኑን ባውቅ እንኳ የትኛው ሸክም እንደሆነ የሚነግሩኝ በዙሪያው ያሉት ቃላት ናቸው። ግሡን «ዊዝ» ተከትሎት ወንጀል ከተጠራ ክስ ነው፤ «ፎር» ከተከተለው ብዙውን ጊዜ ዋጋ ነው፤ «ኢን ቻርጅ ኦቭ» ከተባለ ሰውየው አለቃ ነው። ትምህርት ቤት ሳለን እነዚህን ትንንሽ ቃላት እንደ ገለባ ነበር የምናያቸው። በዚያ ላይ ቻርጅ ከቀላሎቹ ነው፤ በ1989 የታተመው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም «ሴት» ለሚባለው ግሥ (በእኛ ፊደል ሲጻፍ ሌላ ነገር ይመስላል እንጂ ማስቀመጥ ማለት ነው) 430 ያህል ፍቺ ሰጥቶታል። እርሱን ለመጀመር ገና ወኔው የለኝም።

ባለፈው ሳምንት እማማ እንደገና መጡ፤ በዚህኛው ጊዜ ተደናግጠዋል። ልጃቸው ብር ልኮላቸው፣ ከባንክ የደረሳቸውን መልእክት የልጅ ልጃቸው ጮክ ብላ ስታነብ «ሰርቪስ ቻርጅ» የሚል ሰምተዋል። ቃሉን ከእኔ ተምረውታል።

«ልጄ» አሉኝ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ምን አድርጌያቸው ነው የሚከሱኝ?»