ከዘፈን ውስጥ አንድ ቃል ማውጣት

ሬዲዮ ላይ ዘፈን እየሄደ ድምፃዊው ድንገት አፉን እንደተያዘ ሰው ለቅጽበት ጸጥ ይላል፤ ከበሮውና ቤዙ ግን አይቆሙም። አንዳንዴ ጸያፉ ቃል ተገልብጦ፣ ከኋላ ወደ ፊት ይሰማል። አንዳንዴ በቦታው የዲጄ ጭረት ይገባል፣ አንዳንዴም ጆሮ የሚበሳ «ቢፕ»። ሥራው አንድ ነው፣ ጥራቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ጥሩ ቅነሳ የምለው አድማጩ ቃል መውጣቱን ቢያውቅ እንኳ እግሩ ምቱን የማይስትበትን ነው።

አብዛኛው ሥራ የሚያልቀው ሬዲዮ ጣቢያ ሳይደርስ ነው። የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚዎች ጸያፍ ቃል ያለበትን ዘፈን ብዙውን ጊዜ በሁለት ዓይነት ያወጡታል፤ አንዱ እንዳለ፣ ሌላው «ክሊን» የሚባለው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ «ራዲዮ ኤዲት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ብዙ ጊዜ ቃሉ የሚናገረው ስለ ርዝመት ነው፤ መግቢያው አጥሯል፣ የመሣሪያው ክፍል ተቆርጧል ማለት ነው። ስድቡ ሳይነካ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ስሙን አይቶ ማስገባት የለም፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይደመጣል።

አሳታሚው ሥራውን የተሻለ የሚያደርገው ድምፆቹን ለየብቻ ስለያዘ ነው። ዋናው ድምፅ፣ እሱን የሚደርበው ሁለተኛ ድምፅ፣ ከኋላ የሚወረወሩት «ሄይ» እና «ያ»፣ ሁሉም በየመስመራቸው ናቸው። ቃሉ ወደ ሪቨርብ (ማሚቶ ወደሚጨምረው ማቀናበሪያ) ከመግባቱ በፊት ከተዘጋ ማሚቶውም አብሮ ይጠፋል። ከዚህም የሚሻለው ዘፋኙ ራሱ ሌላ ቃል እንዲያስገባ ማድረግ ነው። የሲሎ ግሪን የ2010 ዘፈን (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ለሬዲዮ «ፎርጌት ዩ» ተብሎ የተዘፈነው እንዲህ ነው። ተተኪው ቃል ከዋናው በአንድ ቀለም ይረዝማል፤ ዜማው ላይ እንዲቀመጥ እንደገና መዘፈን ነበረበት።

ጣቢያዎቹ ይህን ያህል የሚጠነቀቁት ሕጉ ስለሚያስፈራ ነው። በጥቅምት 1973 (በፈረንጆቹ) አንድ የኒው ዮርክ ጣቢያ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የኮሜዲያኑን የጆርጅ ካርሊንን ጸያፍ ቃላት የሞሉበት ንግግር አስተላለፈ። ልጁን በመኪና ይዞ የነበረ አባት ሰምቶ ለፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን፣ ለኤፍ ሲ ሲ፣ አቤት አለ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1978 በ5 ለ4 ድምፅ ለኮሚሽኑ ተፈረደ፤ ሬዲዮ ሳይጠራ ቤት ይገባል፣ ሕፃንም ይሰማዋል በሚል ምክንያት። ዛሬ የሚሠራበት ደንብ ነውረኛ ንግግርን በአገሬው ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ይከለክላል፤ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ፍጹም ልቅ የሆነው ወሲባዊ ነገር ግን ቀንም ሌሊትም አይፈቀድም። በ2006 የወጣ ሕግ ከፍተኛውን ቅጣት ከ32,500 ወደ 325,000 ዶላር በአንድ ጥፋት አሳደገው። በሳተላይትና በኢንተርኔት የሚተላለፈው በዚህ ደንብ ስለማይገዛ ያው ዘፈን እዚያ ሳይቆረጥ ይሰማል።

ደንቡ ቋንቋ አይመርጥም። አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ጣቢያ የአየር ሰዓት ተከራይቶ በአማርኛ የሚተላለፍ ፕሮግራም ካለ፣ በኤፍ ሲ ሲ ፊት ተጠያቂው ፈቃዱን የያዘው ባለ ጣቢያ ነው። አማርኛ የማይሰማ ባለ ጣቢያ የዘፈኖቹን ዝርዝር ቀድሞ ቢጠይቅ ሊገርመን አይገባም።

ቃል መቁረጥ ብቻውን እንደማይበቃ ያሳየው የኮሎራዶው ኬኬኤምጂ ነው። ጣቢያው የኤሚነምን «ዘ ሪል ስሊም ሼዲ» የተቆረጠውን ቅጂ እያጫወተ እንኳ በ2001 የ7,000 ዶላር ቅጣት ተወሰነበት፤ ቃሉ ቢጠፋም ወሲባዊ ትርጉሙ ቀርቷል ተብሎ። በጥር 2002 ኮሚሽኑ ውሳኔውን ሻረው። የመጀመሪያው ውሳኔ ግን አንድ እውነት ይዞ ነበር፤ መዳመጥ ያለበት ስንኙ በሙሉ ነው።

ለአማርኛ ዘፈን ይህ ይበልጥ ይከብዳል። ነውሩ በሰምና ወርቅ ከተቋጠረ ኅብረ ቃሉ በራሱ ንጹሕ ነው፤ ለመቁረጥ የሚያዝ ነገር የለም። ቃሉ የስንኙ ቤት መድፊያ ላይ ከሆነ ደግሞ ብናጠፋውም አድማጩ ከቀደመው ስንኝ ተነሥቶ ራሱ ይሞላዋል። ግሥ ሲሆን ሌላ ጣጣ አለው፤ የአማርኛ ግሥ ማን ማንን እንዳደረገ በራሱ ተሸክሞ ይሄዳል። ስሩን አውጥተን «እየ…» እና «…ችው» ከተውን የጎደለው ሳይነገር ይታወቃል። ስለዚህ ግሡ ከነቅጥያው ይወጣል፤ ያ ካልበጀ ሁለቱ ስንኞች አብረው ይዘለላሉ።

ንጹሕ ቅጂ ከሌለና ጣቢያው ራሱ መቁረጥ ካለበት ምርጡ መንገድ የዘፈኑን ድምፅ አልባ (ዘፋኝ የሌለበት፣ ሙዚቃው ብቻ ያለበት) ቅጂ ማግኘት ነው፤ እኛ አገር ብዙ ሰው «ክላሲካል» የሚለውን። ሁለቱም ፋይሎች ዌቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) ይሁኑ። ኤምፒ3 ሲቀነባበርና ሲፈታ መጀመሪያው ላይ ባዶ ናሙናዎች (ድምፁ የተከፋፈለባቸው ጥቃቅን ቁራጮች) ይጨምራል፤ ሌም በተባለው የኤምፒ3 መሥሪያ የተለመደው መዘግየት 1,105 ናሙና ሲሆን በ44.1 ኪሎኸርትዝ 25 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ትንሽ ይመስላል፣ መጋጠሚያው ላይ ግን ከበሮው ሲደናቀፍ በግልጽ ይሰማል።

ሁለቱን በኦዳሲቲ ወይም በኦዲሽን፣ በድምፅ ማረሚያ ፕሮግራሞቹ፣ ከላይና ከታች ደርድራችሁ የመጀመሪያው ከበሮ ምት ላይ እስኪገጥሙ ቅረቡና አስተካክሉ። ለማረጋገጥ የድምፅ አልባውን ሞገድ ላዩን ወደ ታች ገልብጡና (ከኋላ ወደ ፊት አይደለም) ከዋናው ጋር አብራችሁ አጫውቱ። ሙዚቃው ሟሽሾ የዘፋኙ ድምፅ ብቻ ከቀረ ገጥመዋል። እንደ ቱቦ ውስጥ ንፋስ ሹክ የሚል ነገር ከቀረ በጥቂት ናሙና ተዛንፈዋል፣ ወይም መጨረሻ የተቀነባበሩት በተለያየ መንገድ ነው። ፍጹም መጥፋት ላይኖር ይችላል፤ ለግማሽ ሰከንድ መጣፊያ ግን የድምፅ መጠናቸው ከተመጣጠነ ይበቃል። ከዚያ ለፈተና የገለበጣችሁትን ወደ ነበረበት መልሳችሁ፣ የቃሉን ቦታ ብቻ በድምፅ አልባው ተኩ፤ ሁለቱም ጫፍ ላይ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ መሸጋገሪያ አድርጉ። ያለ መሸጋገሪያ ከተቆረጠ «ጠቅ» ይላል። መቁረጫው የከበሮ ምት ላይ ቢያርፍ ምቱ መጣፊያውን ይሸፍነዋል።

ድምፅ አልባ ቅጂ ካልተገኘ ዘፈኑ ራሱ መጣፊያ ያበድራል። የሂፕሆፕ ምት ተደጋጋሚ ስለሆነ መግቢያው ላይ ድምፅ የሌለበት ያው ምት ይገኛል። በደቂቃ 90 ምት በሚሄድ ዘፈን አንዱ ምት 667 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ልኩን አስልቶ መቅዳት ነው። ቤዙ እዚያ ቦታ ያው ኖታ ላይ መሆኑን ሳታረጋግጡ ግን አትለጥፉ።

አሁን ድምፅን ከሙዚቃ የሚለዩ ፕሮግራሞች አሉ። የሙዚቃ ማሰራጫው ድርጅት ዲዘር በ2019 ስፕሊተር የተባለውን በነጻ ለቀቀ፤ ዴሙክስም አለ። ጠቃሚ ናቸው፣ ሆኖም ሙሉውን ዘፈን በእነሱ አሳልፎ ማጫወት ስሕተት ነው፤ ጸናጽሉ ይላሽቃል፣ የድምፁም ጥላ ይቀራል። የተፈለገውን ግማሽ ሰከንድ ብቻ ወስዳችሁ ቀሪውን ከዋናው ተዉት። የስቴሪዮውን የግራ ድምፅ ከቀኙ የመቀነሱ የድሮ ዘዴ ግን ከመሐል ያለውን ሁሉ ይበላል፤ ከዘፋኙ ጋር ቤዙና ዋናው ከበሮ አብረው ይሄዳሉ፣ የማሚቶው ጎን ግን ይቀራል። ሌላ ከታጣ ብቻ፣ ያውም ከ150 ኸርትዝ በታች ያለውን ሳይነኩ።

መገልበጥ ጥሩ የሚሆነው ድምፁ ብቻውን ሲገለበጥ ነው። ሙዚቃው አብሮ ከተገለበጠ ጸናጽሉ ወደ ውስጥ እንደተሳበ ትንፋሽ ይሰማል። «ቢፕ» ግን ለዘፈን አልመክርም። የተለመደው ድምፅ 1,000 ኸርትዝ ነው፤ ይህ በፒያኖ ላይ ከሲ (1,046.5) እና ከእሱ ቀድሞ ካለው ቢ (987.8) መካከል ይወድቃል። የትኛውም ኖታ ስላልሆነ በተለመደው ልክ ከተቃኘ ዘፈን ጋር አይስማማም። ለዜና ቃለ ምልልስ ይሁን፤ ዘፈንን ግን ያቆስላል።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው የቃሉን ጫፍ ባለማግኘት ነው። እንደ «ፍ»፣ «ስ» እና «ሽ» ያሉ ድምፆች በሞገዱ ላይ ቀጭን መስመር ሆነው ስለሚታዩ ዓይን ያልፋቸዋል፤ አናባቢው ከሚጀምርበት ሲቆረጥ የመጀመሪያው ፊደል ይቀራል፣ አድማጭም ቃሉን ይጨርሰዋል። ስፔክትሮግራም (ድምፁን በቅጥነቱና በውፍረቱ ዘርግቶ የሚያሳይ ሥዕል) ላይ ግን ወደ ላይ የወጣ ደመና ሆነው ይታያሉ። በጣም የታወቁ የእንግሊዝኛ ስድቦች በእነዚህ ስለሚጀምሩ በሞገዱ ብቻ አትሥሩ። ቀጥሎ ማሚቶውን ፈልጉ፤ ዲሌይ ካለ የጠፋው ቃል ከአንድ ምት በኋላ ለስለስ ብሎ ይመለሳል። አዝማቹን በየድግግሞሹ ስሙት፣ ሦስተኛው ላይ ብቻ የሚወረወር ቃል ይኖራል። መጨረሻው እየደከመ የሚጠፋ ዘፈን ደግሞ ያዘናጋል፤ ስቱዲዮ ውስጥ የማይሰማውን ሹክሹክታ የጣቢያው የድምፅ ማመጣጠኛ አየር ላይ ከፍ ያደርገዋል።

ካለቀ በኋላ በጆሮ ማዳመጫ፣ ከዚያ በአንዲት ትንሽ ሬዲዮ በሞኖ (ግራና ቀኙ በተቀላቀለ ድምፅ) ስሙት። ያልተቆረጠውን ፋይል ከአጫዋች ኮምፒውተሩ አውጡት፤ ሁለቱ በአንድ ስም ከተቀመጡ አንድ ቀን የተሳሳተው ይወጣል። በመኪና ሬዲዮ ስክሪን ላይ የሚያልፈውን ርዕስም እዩ፤ ዘፈኑ ንጹሕ ሆኖ ስሙ ስድብ የሆነበት ጊዜ አለ። ለሌሊት ተብሎ ያልተቆረጠ ዘፈን የሚያጫውት አገር አቀፍ ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን በየከተማው ቁጠሩ፤ ኒው ዮርክ ምሽት 4 ሰዓት ሲል ሎስ አንጀለስ ገና 1 ሰዓት ነው።